ግማሽ ኮፈኖ፦ የአንዲት ቀይ ኮሮላ የዋክስ ጉዳይ

ገና ሁለት ጊዜ እንኳን አላሸሁም። ነጩ ጨርቅ ቀይ ሆነ። ሮዝ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በርበሬ የተጠረገበት ነው የሚመስለው።

«አንተ ልጅ፣ ቀለሟን ላጥካት እንዴ?» አሉኝ ጋሼ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ደነገጡ እንጂ አልተቆጡም።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። መኪናዋ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1988 ሞዴል ቀይ ኮሮላ ናት። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አመላልሳለች፣ ሁለት ሙሽራ አጅባለች፣ ለቅሶ ቤት ደርሳለች። እኔ ሙያዬ ሌላ ነው። ግን መኪና ማጠብና መወልወል ስለምወድ ዘመዱ ሁሉ «እስቲ ለዚህ ምን ልቀባው?» እያለ ይጠይቀኛል። ጋሼም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር፤ «ጥሩ ዋክስ የቱ ነው?» ዋክስ ማለት ቀለሙ እንዲያበራና ቆሻሻ እንዳይዝበት ላዩ ላይ የሚቀባ ሰም ነው።

አንዱን ጣሳ ስም ጠርቼ መገላገል እችል ነበር። መጀመሪያ ያደረግሁትም እሱን ነው። ቤት ያለኝን፣ «ያጸዳል፣ ያበራል፣ ይጠብቃል» የሚለውን ፈሳሽ ይዤ ሄድኩ። እንዲህ ሦስቱንም እሠራለሁ የሚል ዕቃ ውስጡ ደቃቅ መሞረጃ አለው። ብርጭቆ ወረቀትን በጣም በጣም አልመህ አስበው። ሰሙን ከመቀባቱ በፊት ላዩን ትንሽ ይፍቃል። እኔ ደግሞ ምን ላይ እንደምቀባው ሳላይ ኮፈኖው ላይ አፈሰስኩት። ጨርቁ ቀይ የሆነው በዚህ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።

ቁጭ ብለን ቡና ጠጣንና መኪናዋን እንደ አዲስ አየናት።

በሮቿ ደህና ናቸው። ደማቅ ቀይ፣ ሰው ፊቱን ሊያይባቸው ይችላል። የደበዘዘው ወደ ሰማይ የሚያየው ነው፤ ጣሪያው፣ ኮፈኖው፣ የኋላው ክዳን። ኮፈኖው መሐል ላይ ጣት ብታሳርፍ ዱቄት ይነሳል። ይህ ዝገት አይደለም፣ እርጅናም ብቻ አይደለም። ፀሐይ ነው።

ለመሆኑ ሠላሳ ዓመት ያልነካት ፀሐይ አሁን ምን አገኛት? መልሱ ቤቱ ነው። ጋሼ ድሮ የሚኖሩበት ግቢ ቆርቆሮ የለበሰ መኪና ማቆሚያ ነበረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ኮንዶሚኒየም ገቡ። እዚያ መኪና የሚያድረውም የሚውለውም ሜዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ ለስላሳ ይመስለናል። ቀለሙ ግን አይሸወድም። በሚያዝያ ፀሐይዋ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጣሪያና ኮፈኖ ቀኑን ሙሉ ሲቀበሉ ይውላሉ፣ በሮች ግን በጎን ብቻ ነው የሚያገኛቸው።

ሁለተኛው ነገር የቀለሙ ዓይነት ነው። ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ መኪኖች ቀለማቸው ከላይ በክሊር የተሸፈነ ነው። ክሊር ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ነው። ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይሆናል፤ ከዚያ መገመት ነው። በኮሮላዋ ዘመን ግን ቀይ፣ ነጭና ጥቁር የመሳሰሉ ብልጭልጭ የሌለባቸው ቀለሞች ብዙ ጊዜ ያለ ክሊር ነው የሚቀቡት። ቀለሙ ራሱ የላይኛው ልብስ ነው። ስለዚህ ስታሸው ጨርቅህ ላይ ይመጣል። የመጣው የሞተው ዱቄት ነው እንጂ ጤነኛው ቀለም አይደለም። ጋሼን ለማሳመን ግን ጊዜ ወሰደ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብታ ፖሊሽ አድርጎ፣ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሩን ከፍቶ ከውስጥ ጠርዙን ማሸት። ቀለም ከመጣ ክሊር የለም። የጋሼ መኪና በሮቿም ጣሪያዋም ቀይ አመጡ። የግራው የፊት ፓራፋንጎ ግን ምንም አላመጣም። «እሱማ ሚኒባስ ገጭቶብኝ ጋራዥ ያስቀባሁት ነው» አሉ። አንድ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ቀለም መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው።

ጎንበስ ብዬ በፀሐይ አቅጣጫ ሳየው ሌላም ነገር ታየኝ። ፓራፋንጎው ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቷል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መርካቶ ወረድን። እዚያ ሁሉም ነገር «ፖሊሽ» ነው። የሚፍቀውም ፖሊሽ፣ ሰሙም ፖሊሽ፣ የጎማ ማጥቆሪያውም ፖሊሽ። ሻጩን «ይሄ ይፍቃል ወይስ ይሸፍናል?» ብትለው «ሁለቱንም» ይልሃል። ጣሳውን ገልብጦ ማንበብ ያንተ ሥራ ነው። እኛ ፊት የቀረቡት አራት ምርጫዎች ነበሩ።

አንደኛው በጠፍጣፋ ጣሳ ያለ የካርናውባ ሰም ነው። ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚበቅል የዘምባባ ዓይነት ነው። በደረቁ ወራት ውሃው እንዳይተንበት ቅጠሉን በሰም ይለብሳል፤ ሰዎቹ ቅጠሉን አድርቀው ሰሙን ያራግፋሉ። ብቻውን እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር በማሟሟያና በሌሎች ሰሞች ያለሰልሱታል። ጣሳው ላይ «100 በመቶ ካርናውባ» ብሎ ቢጽፍ ጣሳው ሙሉ ካርናውባ ነው ማለት አይደለም። ውስጡ ያለው ካርናውባ ንጹሕ ነው ለማለት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል። ጥቅሙ መልኩ ነው፤ ቀይና ጥቁር ቀለም ላይ ጥልቀት ይሰጣል፣ እርጥብ ያስመስላል። ዕድሜው ግን አጭር ነው። ሜዳ ላይ የምታድር መኪና ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቢቆይ ነው።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ፈሳሽ ሲሆን ሲላንት ይሉታል። ሰም አይደለም፣ ከፖሊመር የተሠራ ነው። ሲበራ እንደ መስታወት ነው፤ ለኔ ዓይን ትንሽ ይቀዘቅዛል። ግን አራትና አምስት ወር ይቆያል። ሦስተኛው እኔን ያሳፈረኝ ሦስት በአንዱ ነው። እሱን ትተነዋል።

አራተኛው ሴራሚክ የሚባለው፣ ቀለሙ ላይ ደርቆ የሚጠነክር መሸፈኛ ፈሳሽ ነው። አሁን ፋሽን ነው፣ ስሙም ያምራል። አዲስ መኪና ለገዛና ባለሙያ ለሚከፍል ሰው መጥፎ አይደለም። ግን ሴራሚክ ያገኘውን ነው የሚያሽገው። ዱቄት የሆነ ቀለም ላይ ብትቀባው ዱቄቱን ታሽገዋለህ። የጋሼ መኪና ላይ ያን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ ኮርቻው ከበቅሎው እንዲወደድ ማድረግ ነው። ተውነው።

አምስተኛ ምርጫ ከቤት መጣ። የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ «የማር ሰም አለ አይደል? ጠጅ ቤት ሰፈፉን ይጥሉታል» አሉ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ በብዙ የመኪና ሰም ውስጥ የንብ ሰም አለ። ብቻውን ግን ለኛ አይሆንም። የንብ ሰም በ62 እና 64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፣ ካርናውባ ግን ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ቀይ ኮፈኖ በቀትር ፀሐይ እጅ አያስቀምጥም። የንብ ሰሙ ይለሰልስና የሰፈሩን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ጋሼ «ቡናማ ኮሮላ ልታደርጊልኝ ነው?» ብለው ሳቁ።

ታዲያ የቱን? እዚህ ላይ ተከራከርን። እኔ ሲላንት አልኩ፤ መኪናዋ ሜዳ ላይ ናት፣ ክረምት እየመጣ ነው። ጋሼ የካርናውባውን ጣሳ ከፍተው አሸተቱትና ወደዱት። «እኔ ጡረተኛ ነኝ። በየወሩ ብቀባት ምን ይለኛል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰም የሚመረጠው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለሚቀባው ሰውም ነው። በዓመት አንዴ ለሚያስታውስ ሰው ካርናውባ ገንዘብ ማባከን ነው። ለጋሼ ግን የቅዳሜ ጠዋት ደስታ ነው።

ሁለቱንም ገዛንና ኮፈኖውን ለሁለት ልንከፍለው ተስማማን።

መጀመሪያ ግን የሞተውን ቀለም ማንሳት ነበረብን። ሰም ዱቄት ላይ አይይዝም። መኪናዋን አጥበን፣ ጥላ ውስጥ አስገብተን፣ በጣም ለስላሳ ፖሊሽ በእጅ፣ በማሽን ሳይሆን፣ ቀስ ብለን አሸናት። ጨርቅ በጨርቅ ቀይ ሆነ። ጠርዞቹንና የኮፈኖውን ሸንተረር አልነካሁም፤ ቀለም እዚያ ስስ ነው፣ ቶሎ ብረቱ ይወጣል። ከሥር የወጣው ቀይ ጋሼን ዝም አሰኛቸው። የጣሪያው የፊት ጠርዝ ግን አልዳነም። አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ቀለሙ አልቆ መሠረቱ ይታያል። እሱን የትኛውም ሰም አይመልሰውም። ቀለም ነው የሚያስፈልገው።

ከዚያ የወረቀት ፕላስተር ከኮፈኖው መሐል ከላይ እስከ ታች ለጠፍኩ። በሹፌሩ በኩል ካርናውባ፣ በሌላው በኩል ሲላንት። የግራው ፓራፋንጎም ሲላንት። አቀባቡ ላይ ጋሼ እንደ ቅቤ ሊለቀልቁት ሲሉ እትዬ ከበረንዳ ሆነው አዩዋቸው። «ምጣድ ሲታሰስ አላየህም እንዴ? ማሰሻው ላይ ትንሽ ጎመን ዘር፣ ጠረግ ጠረግ፣ በቃ!» አሉ።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰጥቼ አላውቅም። ምጣድ የሚታሰሰው እንጀራው እንዳይዝ ነው። መኪናም ሰም የሚቀባው ቆሻሻው እንዳይዝ ነው። ሲወፍር ጥቅሙ አይጨምርም፤ የተረፈው በጨርቅ ተጠርጎ ይጣላል። የሚቀረው ከአንድ ማይክሮን የሚያንስ ስስ ነገር ነው። «ፀሐይ ይከላከላል» የሚለውን የጣሳ ጽሑፍ ብዙም የማላምነው ለዚህ ነው። ይህን ያህል የሳሳ ነገር ፀሐይን የማገድ አቅሙ ትንሽ ነው። ዋናው ሥራው ውሃው፣ አቧራውና የወፍ ኩሱ ቀለሙን ሳያገኙት እሱ ላይ እንዲቀሩ ማድረግ ነው። ለፀሐይ መድኃኒቱ ጥላ ነው፤ ካልሆነ ሸራ። ሸራው ግን አቧራማ መኪና ላይ ከለበሰ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ፕላስተሩን ላጥን። ከካርናውባው በኩል ቀዩ ወፈር ያለ፣ ሞቅ ያለ ነው። ከሲላንቱ በኩል ይብለጨለጫል። ጋሼ ውሃ በጆግ አፈሰሱበት። በሁለቱም በኩል ውሃው የጎመን ቅጠል ላይ እንደወደቀ ክብ ክብ እየሆነ ተንከባለለ። ይህ የሆነው ሚያዝያ መጨረሻ ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ ደወሉ። «ያንተ ዋክስ ሞቷል» አሉኝ። እውነትም የካርናውባው በኩል ውሃው እንደ ቆርቆሮ ላይ ተዘርግቶ ተኛ። የሲላንቱም ደክሟል። ሁለቱም በዚህ ፍጥነት? ሐሰተኛ ዕቃ ሸጠውልን ይሆን? ሻጩን ልሰድበው ተነስቼ ነበር። እንኳን አልሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በአጋጣሚ እዚያ ደረስኩ። የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ኮሮላዋን እያጠበ ነው። ጋሼ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲያጥብላቸው የሻይ ይሰጡታል። ትጉህ ልጅ ነው፣ እንዲያውም አዘንኩለት። ባልዲው ውስጥ የልብስ ዱቄት ሳሙና አለ፣ አረፋው እስከ ክርኑ። በማያጥብበት ቀን ደግሞ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ያራግፍላቸዋል፣ ክብ ክብ እያደረገ። ያ የሸረሪት ድር የመጣው ከዚህ ነው። አቧራ ማለት እኮ ደቃቅ ድንጋይ ነው።

የልብስ ሳሙና ቅባት እንዲያስለቅቅ የተሠራ ነው። ሰምንም ከቅባት ለይቶ አያይም። በሳምንት ሦስት ጊዜ ካጠብክበት የትኛውን ውድ ጣሳ ብትገዛ ያው ነው። ጋሼ ጣሳ ሲያማርጡ ከረሙ፤ መልሱ ግን ባልዲው ውስጥ ነበር።

ልጁን አልተቆጣነውም። የመኪና ሻምፑ፣ ሁለት ባልዲና ሦስት ማይክሮፋይበር ጨርቅ ገዛንለት። አንዱ ባልዲ ለሻምፑ፣ ሌላው ጨርቁን ማለቅለቂያ። መጀመሪያ ውሃ ብቻ ማፍሰስ፣ ከላይ ወደ ታች። በደረቁ መጥረግ ክልክል። የወፍ ኩስ ካለ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ አምስት ደቂቃ መተው፣ ከዚያ ማንሳት። ሦስት ቀን የነበረው ወደ አንድ ቀን ወረደ፤ የሻዩ ገንዘብ ግን እንዳለ ቀጠለ። ጋሼ በዚህ ጉዳይ አልተደራደሩም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ኮፈኖውን እንደገና ለሁለት ከፈልነው። አሁን ፈተናው ክረምቱ ነው። ዝናቡ በደንብ ስለመጣ ውሃ ማፍሰስም አላስፈለገንም፤ ጋሼ ከበረንዳ ሆነው ያዩና ይደውላሉ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የካርናውባው በኩል ጠብታዎቹ ጠፍጠፍ ማለት ጀመሩ። ሐምሌ ሲያልቅ ወዙ ቀረ። ወደ ስምንት ሳምንት መሆኑ ነው፤ ለሜዳ መኪና አያሳፍርም። የሲላንቱ በኩል ግን እስከ መስቀል ውሃ እያንከባለለ ቆየ። ጥቅምት ላይ ደከም አለ።

ልዩነቱ በጭቃም ታይቷል። ክረምት ላይ ሚኒባስ የረጨው ጭቃ ከሲላንቱ በኩል በውሃ ብቻ ወረደ። ከካርናውባው በኩል መጨረሻ አካባቢ ማሸት ፈለገ።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ለመላ መኪናዋ ሲላንት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ። ካርናውባው በሲላንቱ ላይ ለበዓል ይቀባል፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ሲላንት ሰም ላይ አይይዝም። አሠራሩን ለቀለም ቀቢ ወዳጄ ስነግረው አንድ ነገር ጨመረልኝ። የቀኙ የኋላ በር የተጨረገደ ነው፣ ጋሼም ሊያስቀቡት አስበዋል። «ሲሊኮን ያለበትን ነገር እዚያ አታስጠጉ። ቀለሙ ይሸሻል፣ ዓሣ ዓይን ይሠራብኛል» አለ። ዓሣ ዓይን የሚሉት ቀለሙ የሸሸበትን ትንንሽ ክብ ጉድጓድ ነው። ያ በር እስኪቀባ ድረስ ባዶውን ነው ያለው። ከተቀባም በኋላ ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንት ሰም አይነካውም።

ሦስት በአንዱ የሆነው ዕቃዬ አሁንም መደርደሪያ ላይ ነው። ለፓራፋንጎው ጭረት ይጠቅማል፤ እዚያ ክሊር ስላለ ጨርቁ ቀይ አይሆንም።

ባለፈው እሑድ ስሄድ ጋሼ ከጎረቤት ጋር ኮፈኖው አጠገብ ቆመዋል። ጎረቤትየው ነጭ ቪትዝ አለው። ጋሼ ጆጓቸውን ይዘዋል። ውሃውን ቀስ ብለው አፈሰሱና ጠብታዎቹ እየተንከባለሉ ሲወርዱ ዝም ብለው አዩ።

«የቱን ዋክስ ነው የቀቡት?» አላቸው ሰውየው።

«መጀመሪያ በምን እንደምታጥብ ንገረኝ» አሉት ጋሼ።